የወለተማርያም ትንሹ ሞተር

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ጉልበት መፈተን ከሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ የመኪና መለዋወጫ የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ስሜ ሰዓዲያ ነው። ሱቋን አባቴ ከስልጤ መጥቶ በጥቂት ካንዴላና በጥቂት አምፖል የጀመራት ናት። እሱ ሲሞት «ሴት ልጅ ደግሞ ቡሎን ትሸጣለች?» ላሉት ሰዎች ይኸው እስከ ዛሬ ቡሎን እየሸጥኩላቸው ነው። ይህን የምለው ስለ ራሴ ላወራ ፈልጌ አይደለም። የማወራላችሁ ስለ ወለተማርያም ነው። ግን የምታወራችሁን ሴት ካላወቃችኋት መሃል ላይ ስቆጣ ግራ ይገባችኋል።

ወለተማርያምን ሰፈሩ ወለቴ ይላታል። ጎረቤቴ ናት፤ በዕድሜም እኩያ ነን። ባሏ ዘመንፈስቅዱስ ካረፈ ወዲህ የእሱን ባለአንድ ጋቢና ፒክአፕ ራሷ ትነዳለች። ጎህ ሲቀድ ባዶ ጀሪካኖቿን ጭና ከእንጦጦ ጀርባ ወዳሉት ገበሬዎች ትወጣለች። እነሱ ያለቡትን ወተት ጭና ትወርድና ለላምበረት ሻይ ቤቶችና ለአያት ኮንዶሚኒየም ቸርቻሪዎች ታደርሳለች። በቃ ሥራዋ ይኸው ነው። የባሏን አሮጌ ጃኬት ከነጠላዋ በላይ ትደርባለች፤ ያ ጃኬት የሌለባትን ቀን አላስታውስም። እኔ ስቆጣ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ድረስ ይሰማል። እሷ ስትቆጣ ግን ድምጿ ይወርዳል፤ የሚያውቋት ሰዎች ወለቴ ቀስ ብላ መናገር ስትጀምር ነገሩን ይተዉታል።

የዘመንፈስቅዱስ ፒክአፕ ትልቅ የቤንዚን ሞተር ነበረው። ሰውየው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጉልበት ይወድ ነበር፤ ዳገት ላይ ሌላ መኪና ቀድሞ ያለፈ ዕለት ራቱ እንኳ ይጣፍጠው ነበር። ሞተሩ እያረጀ ሲሄድ ግን ቤንዚን እንደ ጠላ መጨለጥ ጀመረ። ስለ ዋጋው አላወራም፤ እሱን ሁላችንም አልቅሰን ጨርሰናል። የወለቴ መከራ ሰልፉ ነው። የሞላችው ቤንዚን ሳይውል ሳያድር ያልቅና ማደያ ደጃፍ ትሰለፋለች፤ ሰልፉ ግማሽ ቀን ይበላል፣ ሲብስበት ቀኑን ሙሉ። ወተት ደግሞ ሰልፍ አያውቅም። ከጥምቀት በኋላ እሷ ማደያ ቆማ እላይ የቀረው ወተት ተበላሽቶ ተደፋ። ብዙም ሳይቆይ ያው ነገር ተደገመ።

የገበሬዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ ጋሽ ልደቱ ክፉ ሰው አይደሉም። ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ወለቴም ባለችበት፣ ስለ ላሞቹ ጤና፣ ስለ መኖ መወደድ አውርተው አውርተው በመጨረሻ የመጡበትን ተነፈሱት። ሁዳዴ ሊገባ ነው። በጾም ወራት ወተት ገዢ ስለሌለው ገበሬው እየናጠ ቅቤ ያደርገዋል፤ መኪናም አይፈልግም። ከፋሲካ በኋላ ግን ወተቱ እንደገና መውረድ ይጀምራል። ያን ጊዜ ወለቴ እሑድ አንዴ ነዳጅ ሞልታ ሳምንቱን ሙሉ ሳታቋርጥ መምጣት ካልቻለች፣ ማኅበሩ ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሌላው ሰው ማን እንደሆነ ሳይነግሩን አወቅነው። አካሉ ነው፣ የዘመንፈስቅዱስ ታናሽ ወንድም።

አካሉ አይሱዙ አለው። ወንድሙ ከተቀበረ ጀምሮ አንድ ዘፈን ነው የሚያውቀው፦ ፒክአፑን ትሽጠው፣ የወተቱን ሥራ እሱ ይይዘዋል፣ እሷን ደግሞ ይጦራታል። ጥርሷ ገና አንድ እንኳ አልተነቃነቀም፣ እጦርሻለሁ ይላታል! እኔ ቢሆን ቡሎን መፍቻውን ነበር የምወረውርበት። ወለቴ ግን ሁልጊዜ አመስግና ነው የምትሸኘው። ያ መኪና ለእሷ እንጀራ ብቻ አይደለም። ማንንም ሳታስፈቅድ የምትነሳበት፣ ለማንም ሳትናገር የምትደርስበት ነገሯ ነው። እሱን ከተነጠቀች የሰው እጅ ጠባቂ ትሆናለች፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

ጋሽ ልደቱ እንደሄዱ «ሁዳዴ እስኪወጣ መኪናው ሥራ የለውም» አለችኝ። «ሞተሩን አወርደዋለሁ።»

ሞተር መለወጥ ማለት በኛ ሰፈር ሠርግ እንደ መደገስ ነው፤ ያልተጠራውም ምክር ይዞ ይመጣል። ከሱቄ ትንሽ ከፍ ብሎ የጉዲሳ ጋራዥ አለ። ጉዲሳ ወጣት ነው፤ እጁ ግን የበሰለ ነው፣ ይህን ማንም አይክደውም። እዚያ ጋራዥ በር ላይ ያልተሰበሰበ ሾፌር የለም። ሁሉም በአንድ አፍ የተናገሩት ዳገት ጉልበት ይፈልጋል የሚል ነው። አካሉ ትልቁን ባለተርቦ ናፍጣ እንድታስገባ፣ የሚያውቀው ነጋዴ እንዳለ ነገራት። ጉዲሳም በእንጦጦ አናት አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ስለዚህ ትልቅ ይሁን አለ። ወለቴ ሁሉንም አዳመጠች።

«ጉዲሳ፣ ወተቱ የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ነው ወይስ ከታች ወደ ላይ?» አለችው።

«ከላይ ወደ ታች ነው እንጂ እትዬ።»

«ስለዚህ ዳገቱን የምወጣው ባዶዬን ነው። ባዶ ጀሪካን ለማውጣት የዝሆን ሞተር ለምን እቀልባለሁ?»

ጋራዡ በር ላይ የነበሩት ሾፌሮች ሳቁ። ያን ያህል ዘመን ያንን ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው፣ ጭነቱ በየት በኩል እንደሚሄድ አንዱም ልብ አላለም ነበር። አካሉ አልሳቀም። ነዳጅ መቆጠብ ከፈለገች ሞተር ሳትለውጥም ይቻላል፣ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍታ መውረድ ነው፣ ዘመንፈስቅዱስም እንደዚያ ያደርግ ነበር አላት። እውነቱን ነው፤ ግማሹ ሾፌር እንደዚያ ነው የሚወርደው። እሷ ግን ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑ እንደሚደነድን፣ ከኋላዋ ያንን ሁሉ ወተት ጭና ከፊቷ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች እያሉ እንደዚያ እንደማታደርግ ነገረችው። ናፍጣ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድ እግርህን ከፔዳሉ ካነሳህ ነዳጅ አይጠጣም፤ መጥፋቱ ለምኑ ነው አለችው።

ከጉዲሳ ጋር ሦስታችን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድን። ነጋዴው ትልልቆቹን ሞተሮች አስቀድሞ ያሳየናል፤ እሷ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ፣ ተርቦ የሌለው ትንሽ የናፍጣ ሞተር ላይ ቆማለች። ነጋዴው እያዘነላት ይሄ የሚኒባስ ታክሲ ሞተር ነው አላት። እሷም ለዚያ ነው የምፈልገው አለችው፤ ይኸው ሞተር አይደለም ወይ ሰው አጭቆ ቀኑን ሙሉ የፈረንሳይን ዳገት ሲወጣ የሚውለው? ጉዲሳ ሆዱ ሳይፈቅድ ጎንበስ ብሎ አየው፣ በእጁ አዞረው፣ አንኳኳው። ዋናው ብረት፣ ብሎኩ፣ ጤነኛ ነው አለ። ገዛነው፤ በአንድ ጋሪ ተጭኖ ወጣ።

ጾሙ ገባ፤ ሞተሩም ተበተነ። ጉዲሳ እያንዳንዱን ብረት በናፍጣ እያጠበ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ደረደረው። ሲሊንደሩና ከላዩ የሚከደነው ቴስታታ ቶርኖ ቤት ሄደው ተጠርበው መጡ። ፒስተን፣ የፒስተን ቀለበትና ኩሽኔታ ከእኔ ሱቅ ወጣ፤ የሌለኝንም ከጓደኞቼ አስመጣሁ። ወለቴ ከቅዳሴ መልስ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ታያለች፤ ቡሎን ሲጠብቅ ለምን በዚህ ተራ እንደሚያጠብቅ ትጠይቃለች፤ ጉዲሳም፣ መጀመሪያ ላይ እየሰለቸው በኋላ ግን ደስ እያለው፣ ይነግራታል። ስለ ናፍጣው ፖምፓ የተስማሙት ሳይጨቃጨቁ ነው። ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ሊያቃጥል ከሚችለው በላይ ናፍጣ መስጠት ጥቁር ጭስ እንጂ ጉልበት አይሆንም፤ ስለዚህ ፖምፓው ቀንሶ እንዲሰጥ ተስተካከለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ጠቡ የተነሳው በቴርሞስታት ነው። ለማታውቁት፣ ቴርሞስታት ማለት የሞተሩ ውሃ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ ደግሞ በራሱ የሚከፍት፣ መዳፍ ውስጥ የሚያዝ ብረት ነው፤ የሞተር በረኛ በሉት። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ሁሉ አለው። አዲስ አበባ የደረሰ መኪና ሁሉ ግን የለውም፤ የኛ መካኒክ ሞተር በከፈተ ቁጥር መጀመሪያ አውጥቶ የሚጥለው እሱን ነው። ይሄ ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው ይላሉ። አንድ ቀን ከተጣበቀ ሞተር ያፈላል፤ ከሌለ አይጣበቅም ይላሉ። በረኛው አንድ ቀን ቢተኛ ብለው በረኛ አልባ ያደረጉት ቤት ስንት ነው! አባቴ አንድ ሙሉ ካርቶን ገዝቶ ነበር፤ እሱም ሞተ፣ ካርቶኑም መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ወለቴ ነገሩን የደረሰችበት በብርድ ነው። ገና በአሮጌው ሞተር ጊዜ፣ ንጋት ላይ እንጦጦን ወጥታ ጨርሳ እንኳ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከታች አይነሳም ነበር። እጇን ራዲያተሩ ላይ ብታሳርፍ ቀዝቃዛ ነው። እንግዲያው ብላ የብስኩት ካርቶን ከራዲያተሩ ፊት አሰረችበት። ሰፈሩ የወለቴ መኪና ጉንፋን ያዛት እያለ ሳቀባት። እሷ ግን ካርቶኑ ባለበት ሳምንት ቤንዚኑ ረዘም እንዳለ አየች። ይህን ስትነግረኝ ተነሳሁና የአባቴን ካርቶን አቧራውን አራግፌ አወረድኩላት። አባቴ ይህ ብረት ለምን እንደሆነ አስተምሮኝ ነበር፤ ገዢ ነበር ያጣሁት። ከነሳቄ ነው የሰጠኋት፤ የዕቃ ልክና ቁጥር ግን አስተካክዬ ነው።

ጉዲሳ አላስገባም አለ። ለመነ፣ ተቆጣ፣ አስረጂ ጠራ። እሷ አስገባ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ድምጿም እየወረደ ሄደ። በመጨረሻ ሁለታችንም ባለንበት አስገባው፤ ክዳኑን ገጥሞ ሁለቱን ቡሎኖች ሲያጠብቅ በዓይናችን አየን። ሞተሩም ወደ ቤቱ፣ ወደ ፒክአፑ ኮፈን ሥር ገባ። ሲነሳ ድምፁ እንደ አሮጌው አያገሳም፤ ጠቅ ጠቅ ይል ነበር። ጭስ የለውም። ወለቴ ባሏ ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት።

ሰሙነ ሕማማት ላይ ለበዓሉ የሚሆን ቅቤ ለማውረድ እንጦጦ መመላለስ ጀመረች። ሞተሩ ዳገቱን ሳይጨነቅ ወጣላት። ናፍጣው ግን ቶሎ አለቀ። እንደ ቤንዚኑ ዘመን አይሁን እንጂ ሳምንት የሚያደርስ አልነበረም፤ ስለ ሳምንት አስበን ነው ይህ ሁሉ የተደረገው። ወሬ ክንፍ አለው፤ አካሉ በዚያው ቀን ሰምቶ ለጋሽ ልደቱ ስልክ ደወለ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ወለቴ ሱቄ መጥታ ቁጭ አለች። ልቤ ተሰበረ። ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ሙግት ውሃ በላው ብዬ አፌን ከፍቼ ላጽናናት ስል ቀደመችኝ።

«ይበርደዋል» አለችኝ። «መርፌው አይነሳም። አሁን ከዳገት ነው የመጣሁት፣ ሂጂ እጅሽን አሳርፊበት።»

ሄጄ አሳረፍኩ። ራዲያተሩ እንደ ምንጭ ውሃ የቀዘቀዘ ነበር። ተያየን። ለጉዲሳ ብንደውልለት ስልኩ አይሠራም፤ ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ ሄዷል አሉን። እሷ ነገ ስቅለት ነው፣ ስግደት አለብኝ፣ ቅዳሜ እንከፍተዋለን አለችና ሄደች።

ቅዳም ሹር ጠዋት ቄጤማውን ራሷ ላይ አስራ መጣች። አክፋይ ናት፤ ከሐሙስ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። አርብ ሙሉ ስትሰግድ ውላ ጉልበቷ አይታጠፍላትም። ፒክአፑን ሱቄ በር ላይ አቆመች፣ ኮፈኑን አነሳች፣ መፍቻ ስጪኝ አለችኝ። ውሃውን አፈሰሰች፤ ሁለቱን ቡሎኖች ፈታች፤ ክዳኑን አነሳች። ባዶ ነው። በረኛው የለም።

ጉዲሳ በዚያው ሰዓት ዳገቱን ሲወጣ አየን፤ ለበዓሉ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ክዳኑን በእጇ ይዛ ሲያያት ባለበት ቆመ። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። እሱ ግን ቀረበ።

«እትዬ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» አላት። «ዕቃው ከተጣበቀ እንጦጦ አናት ላይ ሞተሩን ይቀቅለዋል። ያኔ ማን ሠራው ሲባል ጉዲሳ ነው የሚባለው።»

«አስገባ ብዬህ ነበር?»

«ብለውኛል።»

«ሲገባስ አሳይተኸኝ ነበር?»

«አሳይቻለሁ።»

«እንግዲያው ያወጣኸው ለእኔ ብለህ አይደለም» አለችው። ድምጿ ለመስማት ጠጋ እስክንል ድረስ ወርዷል። «ከፈራህ ፈራሁ ትለኛለህ። ተሳሳትሽ ካልክም ፊቴ ላይ ትለኛለህ። ከኋላዬ ግን እጅህን አታስገባም።»

ጉዲሳ አንገቱን ደፋ። ይህ ሁሉ ሲሆን አካሉ ከአይሱዙው ወርዶ፣ የፋሲካ በግ ከኋላው እየጮኸ፣ ቆሞ ይሰማ ነበር። ገላጋይ መስሎ ገባ። እኔ ደግሞ ገላጋይ የሚመስል ሰው አልወድም።

«ባለሙያ የሚለውን ብትሰሚ ምን አለበት ወለቴ?» አላት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ሲባል አልሰማሽም?»

«ዛሬ በሴት ያልቃል» አለችና ወደ እኔ እጇን ዘረጋች። «ሰዓዲያ፣ ሌላ አምጪልኝ።»

ከአባቴ ካርቶን አወጣሁላት። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ሞላውን ወደ ውስጥ አድርጋ አስገባችው። ውሃ እንዳያፈስ አዲስ ማሸጊያ አደረገች፤ ክዳኑን ገጠመች፤ ሁለቱን ቡሎኖች ጉዲሳ እንዳስተማራት ተራ በተራ አጠበቀች። ውሃ ሞላች። ሞተሩን አስነሳችና ወርዳ ቆመች። አካሉ ይፈላል ብሎ ይጠብቃል። ጉዲሳ ግን መጠበቅ አልቻለም፤ ሄዶ እጁን ወደ ራዲያተሩ በሚሄደው የላይኛው የጎማ ቱቦ ላይ አሳረፈ። ቱቦው ቀዝቃዛ ነው፣ አሁንም ቀዝቃዛ ነው፣ ከዚያ ድንገት እጁን አነሳ። በሩ ተከፍቶ ሙቁ ውሃ አልፏል። የመለኪያው መርፌ መሃል ላይ መጥቶ ቆመ፤ ከዚያ በላይ አልወጣም። ጉዲሳ ኮፈኑን ዘጋላት፤ መፍቻዬንም ጠርጎ መለሰልኝ።

በፋሲካ ማግስት ሥራ ተጀመረ። ቅዳሜ የሞላችው ናፍጣ ሰኞ አለ፣ ረቡዕም አለ። ናፍጣ በከተማው የጠፋበት ሰሞን ስለነበር በየማደያው ያለው ሰልፍ አስፋልቱን ይዞ ነበር፤ ወለቴ በዚያ ሁሉ መኪና ጎን ወተቷን ጭና ታልፋለች። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል እኔ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆንኩና ሱቄን ዘግቼ ከእሷ ጋር ተሳፈርኩ። ቅዳሜ ንጋት ነው። ጋቢናው ሞቅ ብሏል፤ ናፍጣው ገና ሩብ ያህል አለ፤ ዳገቱ አልቆ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ሜዳ ሲታይ እኔ ነበርኩ እንደ ልጅ ያጨበጨብኩት።

የማኅበሩ ሰዎች ወተቱን ደርድረው ይጠብቁናል። ወንዶቹ ከጋሽ ልደቱ ጋር ባንድ ወገን፣ ያለቡት ሴቶች ከጀሪካኖቹ ጋር ባንድ ወገን። ጋሽ ልደቱ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። አንድም ቀን አላቋረጠችምና ማኅበሩ ደስ ብሎታል፤ ሥራውም የእሷ ነው አሉ። እልል ልል ስል ቀጠሉ።

«ውሉን ግን በአካሉ ስም እናድርገው ብለናል። አንቺ ትነጂያለሽ፣ ማንም አይነካሽም። ነገር ቢበላሽ ግን የምንጠይቀው ወንድ ይኑረን። አካሉንም አነጋግረነዋል፣ ተስማምቷል።»

ደሜ ፈላ። እነዚህ ሰዎች በሞተሩ ቢሸነፉ በውሉ ስም መጡባት! አፌን ስከፍት ወለቴ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ። ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን አወጣች፣ ወረደች፣ የጭነቱን በር ዘጋች።

«ጋሽ ልደቱ፣ ተጠያቂው አካሉ ከሆነ ይምጣና ይጫን» አለቻቸው። ይህን ያለችው በሹክሹክታ ነው ማለት ይቻላል። «እኔ የማልጠየቅበትን ወተት አልጭንም።»

ጋሽ ልደቱ ልጄ፣ እህቴ፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም አሉ። እሷ ከመኪናው ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለአካሉ ስልክ ተደወለ። ላምበረት አካባቢ ከትናንት ጀምሮ የናፍጣ ሰልፍ ላይ ነው። መቼ እንደሚደርሰው አያውቅም። ፀሐይዋ ከዛፎቹ በላይ ወጣች፤ ጀሪካኖቹ ላይ አረፈች። ወንዶቹ ክብ ሠርተው ያንሾካሹካሉ። እኔ እንኳ ፈራሁ። ወተቱ ሲበላሽ በእሷ ይላከካል፤ ሥራው ሊሄድ ነው። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ፣ ለዛሬ ጫኚና ሙግቱን ነገ እንሟገታለን አልኳት።

«ዛሬ ከጫንኩ ዕድሜዬን ሙሉ እየጫንኩ እኖራለሁ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን አልተነሳችም።

መጀመሪያ የተነሳችው የጋሽ ልደቱ ሚስት ሰርክ ናት። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሰበሰበች፣ ጀሪካኗን አነሳች፣ በወንዶቹ መሃል አልፋ መጣች። ባሏ ምን ልታደርጊ ነው አሏት።

«ያለብኩት እኔ ነኝ» አለች ቆም ሳትል። «ለማን እንደምሰጠውም እኔ አውቃለሁ። ወለቴ፣ ክፈቺልኝ።»

ከእሷ ቀጥሎ ሌላዋ ተነሳች፤ ከዚያ ሁሉም። አንዷም ወንዶቹን ዞራ አላየችም። እኔም ነጠላዬን ወረወርኩና ከታች እየተቀበልኩ ማቀበል ጀመርኩ። ወለቴ በሩን ከፍታ፣ ከላይ ሆና ጀሪካኖቹን ትደረድራለች፤ የባሏ ጃኬት ክንዱ ድረስ በወተት ረጥቧል፤ ታለቅሳለች፣ ትደረድራለች። ጋሽ ልደቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ትንሽ ሲያዞሩት ቆዩ። ከዚያ ወደ መኪናው መጡ።

«ነገስ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?» አሏት።

«እንደ ዛሬው ነው ጋሼ። ውሉን ይዘውልኝ ይምጡ፣ ስሜን እኔው እጽፋለሁ።»

የቀረው አንድ ጀሪካን ነበር። ጋሽ ልደቱ እሱን ራሳቸው አንስተው አቀበሏት።